የገበያ ቀን መርዶ

ሆሳዕና፣ መጋቢት ፳፩ ቀን ፲፱፻፳፰ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለእትዬ፣ እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ።

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ጠበል ገብቼ ተሻለኝ ብለሽ የላክሽብኝን አላመንኩም፤ አንቺ እንኳን ጉልበትሽን አንገትሽን ቢቆርጡሽ ደህና ነኝ የምትዪ ሰው ነሽ። ልጆቹን ሁሉ በያሉበት ሳሚልኝ። እኔ፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና፣ በጤናዬ አለሁ። እበላለሁ፤ እተኛለሁም፤ እተኛለሁ ስል እጋደማለሁ ማለቴ ነው። ይህ ደብዳቤ ሦስተኛው ነው፤ ሁለቱን ቀድጃቸዋለሁ። አንድ መስመር እጽፍና ብድግ እላለሁ፣ ደጅ ወጥቼ የስልኩን ሽቦ አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ሽቦው ምን እንደሚነግረኝ እንጃ።

መጀመሪያ የምትጠይቂኝን ልመልስ። ከሰይፈሥላሴ ወሬ የለም። በጥቅምት የሆሳዕና ጦር ሲነሣ አብሮ እንደ ዘመተ ታውቂያለሽ። በኅዳር አንድ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ እግሩ እንደ ቆሰለ፣ ጫማ እንደ ጣለ፣ ስልኩን ዝናብ እንዳያገኘው ጣራውን አስደፍኚ የሚል። ለእኔ አንድ መስመር፣ ለስልኩ አራት መስመር። ከዚያ ወዲህ አለ ወይም ሞተ የሚለኝ አላገኘሁም። ሌላ የምፈልገው ነገር የለኝም እትዬ፤ ባሌ መኖሩን ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው። ያገሩ ወሬ ሁሉ በጆሮዬ ሲያልፍ ይውላል፣ የእሱ ብቻ አያልፍም።

ስልኩን መያዜን ሰምተሽ ስቀሻል አሉኝ። ሳቂ። እሱ ስልከኛ ሆኖ ሲሠራ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ጥጥ ስፈትል ሥራውን ሁሉ በዓይኔ ለቀምኩት፤ እጀታው እንዴት እንደሚዞር፣ ቃጭሉ ስንት ጊዜ ሲጮህ የማን እንደ ሆነ። አባታችን ከወንድማችን እኩል ዳዊት ባያስደግመኝ ኖሮ ደግሞ መጻፉን ከየት አመጣው ነበር? ሰይፈሥላሴ ሲዘምት የገዢው ግቢ ሌላ ሰው እስኪልክ አንቺ ጠብቂው ተባልኩ፤ ሌላው ሰውም ዘምቶ ኖሮ ይኸው ቀረሁበት። መጀመሪያ ሴት ስልክ ስትይዝ ወሬ ይበዛል ብለው አምተውኝ ነበር። አልዋሹም፣ በዛ።

ወሬውን የማወጣው በገበያ ቀን ነው። ስልክ ቤቱ ገበያው አፋፍ ላይ ስለሆነ ደጃፉ ላይ ባዶ የጥይት ሣጥን አስቀምጬ እሱ ላይ እወጣለሁ። አጠገቤ ሀብቴ መሰንቆውን ይዞ ይቆማል። አባቱ የመንዝ ወታደር፣ እናቱ የሀዲያ ሴት ናት፤ ስለዚህ እኔ ያማርኛውን ስናገር እሱ ወደ ሀዲይኛ ይመልሰዋል። ከራሱ እንደ ጨመረበት የማውቀው ሰዉ እኔ ባላሳቅሁበት ቦታ ሲስቅ ነው።

በፊት የጠፋ ከብት ይነገራል፣ ቀጥሎ የግቢው ትእዛዝ፣ ቀጥሎ ከአዲስ አበባ በስልክ ያስጻፉኝ የጦር ወሬ። ከዚያ የፈለገ ይናገራል፤ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሆመቾ ሰው ተነሥቶ አማቴ በሬዬን በላ ይላል፤ በሚቀጥለው ገበያ አማትየው ከነምስክሩ ይመጣና በሬው መጀመሪያ የማን ነበር ብሎ ይመልስለታል። የጊምቢቹን መንገድ ድልድይ ማን ይሥራው ተብሎ ሦስት ገበያ ሙሉ ተከራክረዋል፤ ድልድዩ እስካሁን እንደ ፈረሰ ነው። የስልክ ሽቦ ቆርጠው ለልጃገረዶቻቸው አምባር የሚሠሩትንም በስማቸው እየጠራሁ እሰድባለሁ፤ ልጃገረዶቹ አምባሩን እንዳጠለቁ ከፊት ቆመው ይሰሙኛል። መዝጊያው የሀብቴ መሰንቆ ነው። አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ አንድ ነጋዴ፣ እዚያ ራዲዮ የሚባል ሣጥን አለ፣ ብቻውን ይናገራል ብሎ ሊያስደንቃቸው ቢሞክር፣ የእኛዋ ሣጥኑ ላይ ቆማ ትናገር የለም ወይ ብለው አሳፈሩት።

የግቢው ጸሐፊ አቶ ወንዳፈረው ግን ይህን ነገር አይወደውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ለገበያተኛ ምኑ ይነገረዋል ይላል። የጦሩ ወሬ ሁልጊዜ ድል ነው፤ እኔም ያስጻፉኝን ነው የማነበው። አንድ ቀን አንድ የጊምቢቹ ሽማግሌ ከኋላ ሆነው፣ ድሉ ደህና ነው፣ ግን የቦታው ስም በየሳምንቱ ወደ እኛ የሚቀርበው ለምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ሀብቴ ተረጎመልኝ። ወንዳፈረው ያን ለት ማታ ሣጥኑን ሊወስድብኝ ምንም አልቀረው።

እዚህ ድረስ ስጽፍልሽ ደስ እያለኝ ነበር። አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የሞተ ሰው ስም በስልክ ሲመጣ ሥርዓት አለው፤ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ። ስሙን ለወንዳፈረው እሰጣለሁ፤ እሱ ለሽማግሌዎች ይነግራል፤ ዘመድ ካለበት ይጠራል፤ የቅርቡ ዘመድ ከሩቅ እስኪገባ ይጠበቃል፤ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሄደው ያረዳሉ። እስከዚያ ድረስ ከተማው ሁሉ ቢያውቅ እንኳ ለባለሐዘኑ አንድም ሰው ትንፍሽ አይልም፤ እንዲያውም ሲያገኙት ይስቁለታል። እኔም ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ባሏ መሞቱን እያወቅሁ በሽንኩርት ዋጋ የተከራከርኳት ሴት አለች፤ ካልተከራከርኩ ትጠረጥራለች ብዬ።

በየካቲት መጨረሻ የዘጠኝ ሰው ስም መጣ። የስምንቱ ቤት ታወቀ። ዘጠነኛው ወልደ ሰንበት ይላል፤ የሆሳዕና ጦር ከማለት በቀር የአባት ስም እንኳ የለውም። ወንዳፈረው ጠየቀ፣ ሽማግሌዎቹ ጠየቁ፣ በከተማው የሚያውቀው ጠፋ። ወንዳፈረው ቆይ፣ ቀስ ብለን እንፈልግ አለኝ። እኔ ደግሞ መቆየት አልፈጠረብኝም። የማን ልጅ ነው አልቃሽ አጥቶ የሚቀረው ብዬ በገበያው ቀን ሣጥኔ ላይ ወጣሁና፣ ወልደ ሰንበት የሚባል ዘማች አርፏል፣ ቤተሰቡን የሚያውቅ ይንገረኝ አልኩ። ሀብቴ ተረጎመው። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፣ የሚያውቅ አልተገኘም።

ከፊት የባፈና እናት ቆማ ነበር። በሞርሲቶ መንገድ ካለው መንደር ቅቤ ይዛ የምትመጣ የሀዲያ ሴት ናት፤ አንድ ልጇ ባፈና ከሰይፈሥላሴ ጋር ዘምቷል። በየገበያው አንድ ጥያቄ ብቻ አላት፣ የባፈና ስም መጥቷል ወይ ትለኛለች። አልመጣም እላታለሁ። ካልመጣ ደህና ነው ትልና ቅቤዋን ልትሸጥ ትሄዳለች። ያን ቀንም ጠየቀችኝ፣ ያን ቀንም አልመጣም አልኳት። ከዚያ በሀብቴ በኩል፣ የዚያ የወልደ ሰንበት እናት ምስኪን፣ ሳታውቅ የሆነ ቦታ ተቀምጣ ትስቅ ይሆናል አለች። ከቅቤዋም ቆርሳ በእንሰት ቅጠል ጠቀለለችና፣ እናትየው ስትገኝ ለለቅሶዋ ስጪልኝ ብላ ተወችልኝ።

የቀረውን ሳትገምቺው አትቀሪም። ሳምንት ቆይቶ መምሬ ኃይለመለኮት ትዝ አላቸው። ጦሩ ሊነሣ ሲል በአንድ ጠዋት ሠላሳ ያገሩን ልጆች አጥምቀው ነበር፤ የጦሩ ጸሐፊ የመዘገባቸው በክርስትና ስማቸው ነው፣ ቤታቸው ግን ያን ስም ሰምቶት አያውቅም። ወልደ ሰንበት ያ ባፈና የሚባለው ልጅ ነው አሉኝ። የክርስትና አባቱስ ማን ነው ብላቸው፣ ያንቺው ባል አይደለም ወይ አሉ አቀርቅረው።

ነግሮኝ ነበር እኮ እትዬ። ያን ለት ራት ላይ፣ ዛሬ ልጅ አነሣሁ፣ ስሙንም እንዲህ አልኩት ብሎ ነግሮኝ ነበር። ከእኔ አይለይም፣ ጎን ለጎን ነው የምንዘምተው ያለኝ ትዝ ይለኛል። ስሙን ግን የትም አልያዝኩትም፤ ስንቁን፣ በሶውን እየቋጠርኩ እህ እህ እያልኩ አሳለፍኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩትን ለመልቀም እንኳ አልታደልኩም። ጎን ለጎን የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ ከጭንቅላቴ ላወጣው አልቻልኩም።

ለመርዶው ራሴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄድኩ። ወንዳፈረው አንቺ ከስልክሽ አትለዪ ቢለኝ እንቢ አልኩት፤ እንግዲያው እኔ እይዘዋለሁ ብሎ ቁልፉን ተቀበለኝ። ጎህ ሲቀድ ደጇ ደረስን። የነገራት ሀብቴ ነው፣ እኔ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ከዚያ፣ በገበያ ሰምቼዋለሁ፣ ያን ቀን ግን የሰው ልጅ ነበር አለች። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። የገዛ ልጇን ሞት በአደባባይ ነግሬያት፣ ደግፎ የሚይዛት ሳይኖር፣ ለሌላ ሴት ስታዝን አስቆምኳት። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጬ ተመለስኩ።

ከተመለስኩ ዛሬ ዘጠኝ ቀኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ከተማ አላምር ብሎኛል። ሰው እንደ ዱሮው አይጣላኝም።

በስልክ የሚመጣውን ሁሉ የምጽፍበት መዝገብ አለ። እኔ የሌለሁበት ሦስት ቀን ባዶ ነው። ወንዳፈረውን ምን መጣ ብዬ ብጠይቀው ሽቦው ተቆርጦ ነበር አለኝ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። የጎረቤት ጣቢያው ስልከኛ ግን ሽቦው አንድም ቀን አልተቆረጠም አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ፣ አይ፣ ተቆርጦ ነበር መሰለኝ ብሎ መለሰው። ይህ ሰው ስልክ ባነሣሁ ቁጥር የሚያላግጥብኝ ነው። አሁን ወይዘሮ ብርነሽ ይለኛል፣ አንቱ ይለኛል።

በገበያው ቀን ሣጥኔ ላይ ብወጣ የሚከራከረኝ ጠፋ። የሆመቾው ሰውና አማቱ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በሬው እንዴት ሆነ ብላቸው ታርቀናል አሉኝ። ያን ክርክር ሦስት ዳኛ አይጨርሰውም ነበር። ስለ ጦሩ አንድ ሰው አልጠየቀም። ሀብቴ መዝጊያው ላይ ዘወትር የዘማች ዘፈን ነው የሚያወጣው፤ ያን ቀን የሰርግ ዘፈነ፣ በዐቢይ ጾም። ከሣጥኑ ስወርድ አንዲት የማላውቃት ሴት ክንዴን ይዛ ደገፈችኝ። ጎረቤቴ ከበቡሽም በቀን ሁለቴ እየመጣች ውሃ ትቀዳልኛለች፣ ቤቴን ትጠርግልኛለች። ከበቡሽ እኮ ያዋስኳትን ወንፊት በዓመቱ ያልመለሰች ሴት ናት።

እኔ የመሰለኝ ሊያባርሩኝ ነው። በባፈና እናት ላይ ስላደረግሁት ስልኩን ሊነጥቁኝ ተማክረው፣ እስኪነግሩኝ ድረስ ያባብሉኛል ብዬ ነደድኩ። ወንዳፈረው ዘንድ ሄጄ፣ ከነጠቃችሁኝ ንጠቁኝ፣ ግን ፊት ለፊት ንገሩኝ ብዬ ጮህኩበት። ድምፁን ከፍ ላደረገበት ሰው ቀርቶ ላስነጠሰበት የማያዝን ሰውዬ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የባፈና እናት መጣች። ፀጉሯን ተላጭታለች፤ ሐዘኗ ገና ትኩስ ነው፣ ከቤቷ መውጣት አልነበረባትም። ሀብቴ አስከትሎ አመጣት። ምን እግር ጣለሽ ብላት ውሃ ለመነችኝ፣ ጠጣች፣ ስልኩ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጠች። እስካሁን እዚያው ናት፤ ይህን ስጽፍ ታየኛለች። በዘጠኝ ሰዓት ከበቡሽ ሽሮ ይዛ መጣች። አልበላም ብል የባፈና እናት ተነሥታ በገዛ እጇ አጎረሰችኝ፤ በምታውቃት ጥቂት አማርኛ፣ ለነገ ጉልበት ይሁንሽ አለችኝ። ሀብቴን ነገ ምን አለ ብዬ ብጠይቀው መሰንቆውን መቃኘት ጀመረ። ሲቃኝ ቆየ። መሰንቆ ያለው አንድ ክር ነው እትዬ፣ ያን ያህል የሚቃኝ ነገር የለውም።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ እኔ በዚህ ጆሮ የምተዳደር ሴት እንዲህ ይሆንብኛል አላልኩም። የገበያው ሕዝብ ሁሉ፣ ያ ነገረኛ፣ ያ ለአንዲት ዶሮ ሁለት ሳምንት የሚከራከር ሁሉ፣ ለእኔ ሲል ዘጠኝ ቀን አፉን ይዟል። ያሰብኩትን እዚህ አልጽፈውም። ፈርቻለሁ፤ ለዚህ ነው ፊደሉ የተንሻፈፈብሽ።

ስልኩ ከእኔ ሁለት እርምጃ ነው። እጀታውን አንዴ ባዞር፣ የአዲስ አበባውን ሰው በእነዚያ ሦስት ቀኖች ያነበብከውን ድገምልኝ ብዬ ብጠይቀው ይደግምልኛል፤ ሥራዬ ነው፣ አይጠረጥርም። ሦስት ጊዜ ተነሣሁ። በሦስተኛው እጀታውን ጨበጥኩት። የባፈና እናት አልከለከለችኝም፣ ቀና ብላ አየችኝ እንጂ። በዚያ ቀን ገበያ መሀል ብቻዋን የቆመችው ሴት፣ እኔ ብቻዬን እንዳልቆም ያንን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጥታለች። ለእሷ የነፈግኋትን ለእኔ ይዛልኝ መጥታ እንዴት ከእጇ እነጥቃለሁ? ለቀቅሁትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ነገ ወደ አዲስ አበባ በሚነሣ ነጋዴ ልልክልሽ ነበር። ድረሽልኝ ልልሽ ነበር።

አሁን ፀሐይ ሳትጠልቅ በከበቡሽ ጓሮ በኩል በቅሎ ሲገባ ሰማሁ፣ ጭነትም ሲወርድ። ከዚያ አንዲት ሴት፣ ያንን ቀስ አድርገህ አውርደው፣ አንተ እጅህ ምን ሆኖ ነው ብላ አሽከሯን ተቆጣች። ወዲያው ዝም አሰኟት። እኔ ዘንድሮ ሰውን በድምፁ ብቻ ስለይ የከረምኩ ሴት ነኝ፤ አንድ ቃል ይበቃኛል።

እንግዲህ ነጋዴውን አላስቸግረውም።

እንኳን በደህና ገባሽ። ጉልበትሽን በሙቅ ውሃ አሳሺው፣ ስምንት ቀን በቅሎ ላይ መሆን ቀላል አይደለም። የከበቡሽ መደብ ቁንጫ አለበት፣ ቁርበቱን አስቀይሪያት። በአጥሩ በኩል አልጠራሽም፣ አንቺም አትጥሪኝ፤ እስቲ ለአንድ ሌሊት ቻይው። ሰዎቹ ለፍተውበታል፣ ልፋታቸውን አናበላሽባቸው። እኔም እስከ ነገ ድረስ የዘማች ሚስት ሆኜ አድራለሁ።

አምላክ አንቺን ያበርታልኝ፤ የሽማግሌዎቹን እግር ያቅና፤ ለባፈና እናት በልጇ ፋንታ እሱ ይቁምላት። አንቺ ቀድመሽ ግቢ፣ ከሁሉም ፊት። በሩን አልቀረቀርኩትም።

ከአጥሩ ወዲህ ያለችው
ታናሽ እህትሽ